ድምፁ ያማረው የጎማ ቀለበት

የወንድሜ መርዶ የደረሰኝ ጎሬ ላይ ነው፤ የነነዌ ጾም በተያዘበት ሰኞ። ከቅዳሴ ስመለስ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጄ ላይ ቆመዋል። ባለቤቴም ከመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰዓቱ መጥቶ በመካከላቸው አለ፤ ቴሌግራም ይዟል። ዘመድ በሌለበት አገር ያረዱኝ እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው።

"ማነው?" አልኩ።

አንዲት ሴት ወገቤን ያዘችኝ። "ሹፌሩ ወንድምሽ" አለኝ ባለቤቴ።

መኪናው ገደል ገብቶ መሰለኝ። መኪናው ግን ቆሞ ነበር።

ቢቸና የደረስኩት ሠልስቱም ሰባቱም ካለፈ በኋላ ነው። ወንድሜ ከቢቸና ሞጣ እህል የሚያመላልሰው ጣሊያን ጥሎት በሄደ አሮጌ ካሚዮን ነበር። እንዲህ ላለ መኪና አዲስ ዕቃ ከየት ይመጣል? የሞተው ለቆመው ይሰጣል። ሹፌሮች በየሸለቆው ወድቆ የቀረ የጣሊያን መኪና ሲያገኙ ቸርኬውን እየፈቱ ያወጣሉ፤ ነጋዴ ይገዛቸዋል፣ ከነጋዴ ደግሞ ሌላው ሹፌር ይገዛል። ያ ቸርኬ ጎማውን አቅፎ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ሲሠሩ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊደልና ቁጥር ተመትቶባቸዋል፤ ዝገቱ ሲፋቅ ይታያል። ያልተጋባ ቀለበት ቢያስገቡበት የተቀመጠ ይመስላል፤ ንፋስ ሲሞላ ግን ተፈናጥሮ ይወጣል። ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር። "እታለም፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ያፋታቸውን አይምሩም" እያለ ያስቀኝ ነበር።

ያን ቀን ግን የሞጣ ገበያ ዋዜማ ነበር፤ ጭነቱ ተጭኖ ባለ እህሎቹ ቆመው ይጣደፋሉ። ቁጥሩን ሳያይ ቀለበቱን በመዶሻ መትቶ አስገባው፤ ጎንበስ ብሎ ንፋስ ሲሞላ ደረቱን መታው። ይህን ያየሁት አይደለም፤ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

አባቴን ያገኘሁት ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጢሙ አድጎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። በተሰነጠቀው ቸርኬው ምትክ ሌላውን ለወንድሜ የሸጠለት አንድ የሞጣ እስላም ነጋዴ ነበር፤ ጨውና አሮጌ ብረት የሚነግድ፣ ቤተሰቡ ሞጣ ላይ ከአያት ቅድመ አያት የኖረ።

"ያልተጋባ ብረት ሸጦ ልጄን ገደለው። አርባው ሳይወጣ ደሙን እመልሳለሁ" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ ደም..."

"ጾሙን አንቺ ጹሚልኝ።"

ማታ የሠርክ ደወል ሲደወል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ሰማሽው? የወንድምሽ ስለት ነው። ወባው ሲለቀው ለማርያም ደወል ተስዬለት ነበር። ከተሰነጠቀው ቸርኬ የተረፈ ቀለበት ጓሮ ነበረን፤ ሊሞት ሰሞን እሱን ሊወስዱ ዲያቆናቱ መጡ። ሌላም ቀለበት አጠገቡ ተደግፎ ነበር። ለእመቤታችን የማይጮኽ ብረት ይሰጣል ወይ ብዬ ሁለቱንም በመጥረቢያ ጀርባ መታኋቸው። አንዱ እንደ ገል ነው፤ ያኛው ግን አቤት ድምፁ! በእጄ መርጬ ሰጠሁ" አለችኝ። መጽናኛዋ ነበረ። እኔም ስለ ብረት ምን አውቄ? "እግዚአብሔር ይቀበልሽ" አልኳት።

ከቤታችን ጎን ባለችው ማርያም፣ ድሮ የድንጋይ ደወል ነበር የሚደወለው። የአገራችን ሰው ከብረት ሁሉ የጎማ ብረት ለደወል ይወዳል፤ ለታቦት ሲሰጥም በድምፁ ይመርጣል። በቁጥር የሚመርጥ የለም።

ነጋዴው አልሸሸም። ከሞጣ ሽማግሌዎች ይዞ መጣና ከአጥራችን ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ይቅርታ ለማኝ እንደሚያደርገው ድንጋይ አልተሸከመም። እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን በግድግዳው እንሰማለን።

"ድንጋይህስ? ትከሻህ ለብረት ብቻ ነው?" አለው አባቴ።

"ጌታዬ፣ ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ነው። እኔ ልጅዎን እወደው ነበር። ቸርኬውንና ቀለበቱን አንድ ላይ ነው የሸጥኩለት፤ ወላሂ፣ ራሱ ፍቆ አይቶ ነው የገዛኝ። ብረቱ ይምጣና ይታይ።"

ቸርኬው መጣ፤ የገደለውም ቀለበት መጣ። ሲፋቁ ቁጥሩ ለየቅል ሆነ።

"ይኸው! በአፍህ ፈረድክ!" አለ አባቴ። የጠብመንጃው መቀርቀሪያ ሲንቀጫቀጭ ሰማን። ሰው ተንጫጫ፤ "ያዘው! ኧረ ያዘው!" ተባለ።

"ይህ የእኔ ቀለበት አይደለም! የእኔ የት ገባ? ቤትዎን ይጠይቁ!" አለ ነጋዴው።

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው የነበሩት የማርያም ቄሰ ገበዝ "ቆዩኝ" አሉ። የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው። ሄደው ደወሉን ከዛፉ አስወርደው ተመለሱ። ብረቱ ሲፋቅ ጩኸቱ ጓዳ ድረስ ይሰማ ነበር። ቁጥሩ ከቸርኬው ጋር አንድ ነው።

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር።

"ማን መረጠው?" አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

"እኔ ነኝ" አሉ ቄሰ ገበዙ። "ድምፁ ቢያምረኝ እኔ ነኝ ይሄ ይሁን ያልኩት።"

ቀለበቱ የተሰጠ ዕለት ጓሯችን የገቡት ዲያቆናት ብቻ እንደነበሩ እናቴ ነግራኛለች። እንግዲህ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ታውቃለች፣ ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም።

አባቴ በቄስ ላይ እጅ አያነሣም፤ ጠብመንጃውን ለሽማግሌዎቹ አስረከበ። ነጋዴው ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያም እኛ ጋር ለቅሶ ገባ። የዳነ ሰው ዳነ፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ የቄሰ ገበዙን መስቀል አልተሳለመም፤ እሳቸው ባሉበት ማኅበር አልገባም፤ መንገድ ላይ ሲያያቸው ምራቁን እየተፋ ያልፋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ደወሉ ወደ ዛፉ ተመለሰ፤ ለታቦት የተሰጠ አይመለስም። ሲደወል እናቴ የያዘችውን አስቀምጣ ድምፁ እስኪያልቅ ትቆማለች። ጎረቤት ይህን እንደ መንፈሳዊነት ያወራላት ነበር። ወደ ጎሬ ስመለስ ልትናገረኝ የፈለገች መሰለኝ፤ ጉንጬን ሳመችና "መንገድሽን ያቅናልሽ" ብቻ አለችኝ። ከዚያም ወዲህ እሷም አላነሣች፣ እኔም አልጠየቅኩ። አባቴም፣ እናቴም፣ ቄሰ ገበዙም አሁን በሕይወት የሉም።

በዚያ ዋርካ ሥር ከነበራችሁ መካከል በሕይወት ያላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከጉባኤው ቀድሞ በነበሩት ቀናት እናቴ ወደ ቄሰ ገበዙ ስትሄድ ያየ አለ ወይ? ተናዝዛ ለምናቸው እንደሆነ ስለ እሷ ነፍስ የማስጸልየው ሌላ ነው፤ ማንም ሳይነግራቸው ከፊቷ ላይ አንብበው በራሳቸው ላይ ወስደውት እንደሆነ ደግሞ ካህኑ በሐሰት ቃላቸው እግዚአብሔር ፊት ብቻቸውን ቀርበዋልና ስማቸውን በጸሎት ላስጠራ ይገባኛል። ያየ ሰው፣ ስለ እመቤታችን ብሎ፣ ቃል ይላክልኝ።