አባ ጢሞቴዎስና የድሉ ጸሎት

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ካይሮ፣ ሄሊዮፖሊስ ውስጥ ነው። እናቴ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ፀጉሬን ጎንጉና ወደ አባ ጢሞቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኝ ነበር። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እሳቸው የካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ ግን በዚያን ጊዜ በአማርኛም በትግርኛም የሚያጽናና ሌላ አባት አልነበረንም። ግቢው ሰምና ፉል ይሸታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ተደባልቀን ገመድ እንዘላለን።

የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ገመዱም ሁለት ሆነ። እናቶቻችን ሰላምታ ተነፋፈጉ። አባ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ የተኳረፈ ያስታርቃሉ። "ጦርነት ይብቃ" ብለው በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፋሉ። ሲቀደድባቸው "ማሌሽ፣ ግድ የለም" ብለው ሌላ ይጽፋሉ።

አንድ ዓርብ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ጋሽ መኮንን የሚባሉ የኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሽማግሌ ተነሡ።

"አባ፣ ለሠራዊታችን ድል ይጸልዩልን።"

አባ ወደሳቸው ዞሩና፣ "ድል ስትሉኝ የማንን ልጅ ሞት ልለምን?" አሉ።

ጋሽ መኮንን ተቆጥተው ወጡ፤ ግማሹ ሰው ተከተላቸው። እናቴም ተነሣች። ታናሽ ወንድሟ ግንባር ነበርና የምትወጣ መስሎኝ ቀሚሷን ያዝኩ። እሷ ግን ወንበሮቹን አልፋ፣ ልጇ በወዲያኛው በኩል የዘመተባት አስመራዊቷ እትዬ ለተብርሃን አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

"አባ፣ የኔን ወንድምም የሷን ልጅም ይመልስልን ይበሉ" አለች።

አጎቴ ተመለሰ። የእትዬ ለተብርሃን ልጅ አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ እናቴ አሠሪዋን ሳታስፈቅድ ሄዳ እስከ ሰልስቱ አብራት ተቀመጠች፤ በዚህም ከሥራዋ ተባረረች። አባ ሰሌን ላይ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠው እንደ ማንኛውም ሰው ያለቅሱ ነበር። በሰልስቱ ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አባ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

አባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ዛሬ እዚሁ ካይሮ፣ ናስር ሲቲ ውስጥ የአገራችንን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አሁን ጥላቻው በስልክ ነው የሚመጣው፤ ልጆቹ ፊደል ሳይለዩ ወገን ይለያሉ። እኛ ግን በዚያ ዕድሜያችን በሕዝብ ፊት "አይሆንም" የሚል ሰው አይተናል። ተማሪዎቼ "አንቺ የማን ወገን ነሽ?" ሲሉኝ አላመነታም።

"የአባ ጢሞቴዎስ ልጅ ነኝ" እላለሁ፣ ቀና ብዬ።