ቃጭል እምቢ ያሉት አባቴ

ከጣሪያው ላይ የሬዲዮ አንቴናዬን አላወርድም ያልኩት በእልህ ነው፤ አልዋሽም። የሕንጻችን ኮሚቴ ሊቀመንበር "ጨረሩ ራሴን አመመኝ" እያለ በየደረጃው ያወራል። ራሱን የሚያመው አንቴናው ሳይሰቀል በፊት እንደነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የሬዲዮ ፈቃዴን ባሳየውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "እስከ ሐሙስ ካላወረድሽው ቴክናይ ሠራተኛ አምጥቼ አስነቅለዋለሁ።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አለቅም አልኩ። ማታ እራት ላይ ይህን ስናገር አባቴ ቀኑን ደግመው ጠየቁኝ።

አንቴናው ለአባቴ ነበር። ጧት ጧት ከቤታችን ተነስተው፣ የሻዓራይምን ሰፈር አቋርጠው፣ ሽማግሌዎቻችን በቆሎና ጎመን ወደሚዘሩበት የአትክልት ቦታ በእግራቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን መንገድ ጠፍቷቸው ከመሸ ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜና እህቴ አባባ ብቻቸውን አይወጡም አሉ። ወንድሜ የት እንዳሉ የሚናገር ሰዓት ገዝቶ አሰረላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝ፤ "አባባ ሌላ ከተማ፣ ቤኤር ያዕቆብ ናቸው! ማን ወሰዳቸው?"

አባቴ ከእኔ ጋር ምሳ እየበሉ ነበር። ሰዓቱን እዚያ ለሚኖሩ ጓደኛቸው ሸልመውታል።

"ሰዓት አልነበረውም" አሉ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ፤ "እኔ ላም ነኝ? ቃጭል የምታስሩብኝ?"

እውነታቸውን ነው። በአማተር ሬዲዮ ዓመታት ስለቆየሁ ሌላ ነገር ሠራሁላቸው። በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ሬዲዮ ነው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት፣ ያሉበት ቦታ በጣሪያው አንቴና በኩል ወጥ ቤቴ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ኮምፒውተር ይመጣል። እሷም በካርታ ላይ ነጥብ ታስቀምጥና ለሦስታችንም ስልክ አጭር መልእክት ትልካለች። እኛ መልስ ስንጽፍ ሬዲዮው ጢጥ ይላል፤ ሰምተናል ማለት ነው።

"የሚጫነው ማን ነው?" አሉኝ።

"እርስዎ።"

"ካልተጫንኩስ?"

"የት እንዳሉ ማንም አያውቅም።"

"ቤሰደር፣ እሺ" አሉ።

ወንድሜ ግን አላረፈም። "ራሱ በየደቂቃው እንዲልክ አድርጊው፤ አባባ አያውቁም።" ከወንበሬ ሳልነሳ ማድረግ እችል ነበር። ቃሌን አላጥፍም አልኩት። "ቢጠፉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ በጧት ወጡ፤ እስከ ቀትር አንድም መልእክት አልመጣም። አትክልት ቦታውም የሉም። እህቴ ሻዓራይምን ቤት ለቤት ጠየቀች፤ ወንድሜ ቢሉ ሴንተር የሚባለው የገበያ ማዕከል ድረስ ሄዶ በየሱቁ ዞረ። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ሬዲዮው በስውር ቦታውን እንዲልክ የሚያደርገውን ትእዛዝ ጻፍኩት፤ መላክ ብቻ ቀረኝ። ከዚያ ፊታቸው ታየኝና አጠፋሁት።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ቦታው የእኛው ሕንጻ ነው።

"አባባ!" እያልኩ ክፍሎቹን ሁሉ አየሁ፤ የሉም። ወንድሜ ደውሎ፣ ቤት የሉም ስለው "ማሽንሽ ዋሸ" አለኝ። ልፈልጋቸው በሩን ስከፍት፣ አንድ ሠራተኛ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደዘጋ ከላይ ሲወርድ አገኘሁት።

"ጣሪያው ላይ ያሉት ሽማግሌ ያንቺ ናቸው?" አለኝ። "ከጧት ጀምሮ አይነሱም። እኔ በሽማግሌ ላይ እጄን አላነሳም፤ ኮሚቴው አንቴናውን የሚነቅል ሌላ ሰው ይፈልግ።"

ሐሙስ አንቴናው የሚነቀልበት ቀን መሆኑን በጭንቀቱ ረስቼው ነበር። ወደ ላይ ሮጥኩ። አባቴ ጀርባቸውን ለአንቴናው ምሰሶ ሰጥተው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ልጆችዎ ከተማውን አዳረሱት እኮ! ያላ፣ እንውረድ።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማን ላካቸው? የሚወርድ የለም። እኔም አልወርድ፣ እሱም አይወርድ።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እሳቸው ቁልፉን እንደገና ተጫኑት፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

"አባባ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ።"

"ለአንቺ አይደለም" አሉ። "እዚህ ነኝ፤ ሁሉም ይወቀው።"