አንቴናው ያልሰማው ወሬ

አንቴና በረዘመ ቁጥር ብዙ ያሰማል የሚባለው ውሸት ነው። እኔም አምኜው ነበር። እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ በእጅ የሚያዝ ስካነር አመጣችልኝ፤ ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ የሰው ንግግር የሚያስስ ትንሽ ሬዲዮ ነው። አናቱ ላይ የጣት ቁመት ያላት የጎማ አንቴና አለችው። በእሷ የምሰማው በመካነ ሰላም ሰማይ የሚያልፉ አብራሪዎችን ነበር፤ ያውም እየተቆራረጡ። ስለዚህ ጎማዋን ነቅዬ ከጣሪያዬ ጫፍ እስከ አጥሩ ባሕር ዛፍ ድረስ ሽቦ ዘረጋሁ። ያተረፍኩት ጩኸት ብቻ ሆነ። ሽቦው ያገኘውን ሁሉ እየሰበሰበ ትንሿን ሬዲዮ አደነቆራት። ለካ የአንቴና ልክ የሚወሰነው በምንፈልገው ሞገድ ነው። ቆርጬ አንድ ክንድ ከአራት ጣት ሳደርገውና ጣሪያው ላይ በብረት ዘንግ ጫፍ ቀጥ አድርጌ ሳቆመው፣ አብራሪው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ድምፁ ጠራ።

ሰፈሩም ጠረጠረኝ። አልፈርድበትም፤ በዚህ ዘመን ጣሪያው ላይ ብረት ያቆመ ጎረቤት ቢኖረኝ እኔም እጠረጥረው ነበር። «ምን ምን ይሰማል?» የሚለኝ ሰው በዛ። እኔ ደግሞ ጠያቂውን ሁሉ ጠረጠርኩ፤ የሚጠይቀው ለራሱ ነው ወይስ ለሌላ?

አብልጬ የጠረጠርኩት በአጥር የምትዋሰነኝን ሴት ነው። ልጇ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ኔትወርክ ደህና የሚገኘው ከባሕር ዛፉ ሥር ስለሆነ፣ እናትየው ከአስር ሶላት በኋላ እዚያ ቆማ ታወራት ነበር። አንቴናው ከቆመ ወዲህ ግን ስልኳን በሻርፗ ሸፍና ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ጉብታ መውጣት ጀመረች። ስታልፍ ብረቱን ታያለች፣ እኔን አታይም። አሳብቃብኛለች ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ከሰዓት ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ገባች።

«መምህር፣ ልጄን በዚህ ብረት ነው የሸጥካት?»

«ተቀመጪ እስኪ፣ እቴ።»

«አልቀመጥም! የላካት ደላላ ትናንት በሬ ድረስ መጥቶ የት እንደተደበቀች ንገሪኝ ይለኛል። ከአሠሪዋ ቤት መውጣቷን ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ካገኟት ወላሂ መልሰው ለዚያ ሰውዬ ነው የሚሰጧት።»

ስካነሩ የእጅ ስልክ ንግግር እንደማይሰማ አስረዳኋት። በአስተማሪ ድምፅ፣ ረጋ ብዬ። ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት።

«ምን ይላል?»

«አብራሪው ከፍ ልበል ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አላውቅም።»

«ይኼን እንኳ የማይነግርህ ከሆነ ምን ያደርግልሃል?» አለችና ሬዲዮውን መለሰችልኝ። «ታዲያ ይኼ ካልሰማ ማን ሰማ?»

እኔ ሰምቻለሁ፤ አንቴናው ከመቆሙ በፊት፣ በሁለት ጆሮዬ። ባሕር ዛፉ ከመስኮቴ አራት እርምጃ ነው፤ እሷም ስልክ ስታወራ ድምፅዋን በጉሮሮዋ ኃይል ባሕሩን የምታሻግር ይመስላታል። መስማቴ አይደለም ክፋቱ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስንጠጣ ጓደኛዬ ከአሠሪ የሚጠፉ ልጆችን ሲያማ፣ እንደ ልማዴ ተቃወምኩት። ለማሸነፍ ምሳሌ ፈለግሁ። «ለምሳሌ የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ...» አልኩ። ስም አልጠራሁም፤ ይህንንም እንደ ጨዋነት ቆጥሬዋለሁ። ልጇ አረብ አገር ያለች ስንት ጎረቤት አለኝ? አንድ።

ያን ቀን ግን አልነገርኳትም። «አንቴናውን አወርደዋለሁ» አልኩና ዓይኗ እያየ አወረድኩት። «ጀዛከላህ» ብላኝ ሄደች። ጥፋቴን ብረቱ ተሸከመልኝ፤ ምስጋናውን እኔ ወሰድኩ። የሻይ ጓደኛዬን ሄጄ ሳፋጥጠው፣ «እኔም እኮ ስም አልጠራሁም» አለኝ።

ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ጉብታው ላይ ተከትያት ወጥቼ ነገርኳት።

«ብረቱን ስሰድብ ቆመህ ትሰማኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ብረቱ ይሻላል። የት እንዳለችስ ተናግረሃል?»

«ጓደኛዋ ቤት ብያለሁ።»

እዚያው ቆማ ለልጇ ደወለች። «ውጪ ልጄ። ልብስሽን ተይውና አሁኑኑ ከዚያ ቤት ውጪ።» ሦስቱን ቀን ልጅቷ እዚያ ቤት ያሳለፈችው በእኔ ዝምታ ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ነው የቆጠርኩት።

ወጣች፤ አልተያዘችም። አሁን አገሯ ገብታለች፤ የትኛው ከተማ እንዳለች አልጽፍም። ይህን ከመጻፌ በፊት እናቷን አስፈቀድኩ። ስም አልጠራም አልኳት።

«ያን ጊዜም አልጠራህም» አለችኝ። ቆይታ ግን፣ «ሰዉን ዝም የምታሰኝልኝ ከሆነ ጻፈው» አለች።

እንግዲህ ማን ናት ብላችሁ አትጠያየቁ። ካወቃችኋትም አፋችሁን ዝጉልኝ።