ባለባርኔጣው ጊታሪስትና የእናቴ ሀዘን

በእናቴ ሀዘን ጊዜ የሠራሁት ትልቁ ስህተት፣ ሰው በተሰበሰበበት መማሌ ነው።

መርዶውን ያረዱኝ እትዬ ናቸው። እትዬ እዚህ አሜሪካ የኦክላንዱ ማኅበራችን ታላቅ ሴት ሲሆኑ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም የሚለውን ሕግ ውቅያኖስ አሻግረው ያመጡ ሰው ናቸው። ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሰው አስከትለው በሬን አንኳኩ። ከፍቼ አራት ነጠላ ሳይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ፕሮሰስ ላይ ስለነበር፣ ወጥቼ ልመለስ መቻሌን የሚያረጋግጥልኝ አልተገኘም። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ሦስት ቀን አፓርትማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይደበድብብን ድምፃችንን ቀንሰን። እኔ ደግሞ ጭራሽ እንባ እምቢ አለኝ። ሰዉ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ፣ እኔ ጀርባውን መታ መታ እያደረግኩ አጽናና ነበር። "ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ናት" የሚል ዓይን ሲበዛብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሞልቶ ሳለ ብድግ አልኩና፣

"ስሙኝ! የእናቴ ሙት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ዘፈን የሚባል በዚህ ጆሮዬ አይገባም!" አልኩ።

እትዬ "ደግ አደረግሽ፣ ልጄ" አሉ። ምስክርም ዳኛም ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ እኔ ማለት ዘፈን ካልከፈትኩ ሽንኩርት መክተፍ የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። እናቴ ራሷ "ይቺ ልጅ ድምፅዋ ከጠፋ ሐኪም ጥሩልኝ" ትል ነበር። ብትሰማኝ ኖሮ መጀመሪያ የምትስቅብኝ እሷ ናት። ግን ሳልቀብራት፣ ሳላለቅስላት፣ ያቺ መሐላ ብቻ ናት እጄ ላይ የቀረችው። እሷንም ካፈረስኩ ለእናቴ ምን አደረግኩላት ልበል?

አሜሪካ ምን ያህል እንደሚዘፈን ያወቅኩት ያኔ ነው። ነዳጅ ስትቀጂ ይዘፈናል። ጥርስሽን ሲነቅሉሽ ይዘፈናል። ኢንሹራንስ ኮል አድርገሽ "ይጠብቁን" ሲሉሽ እንኳ አርባ ደቂቃ ይዘፍኑልሻል። እኔ በየሄድኩበት ጆሮዬን ይዤ እሸሻለሁ። መኪናዬ ውስጥ ደግሞ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ዝምታ ነው። እዚያ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እጦራለሁ፣ ኬርጊቨር ነኝ። ያን መንገድ ያለ ዘፈን የነዳ ያውቀዋል።

ያዳኑኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ መሐንዲስ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ዓርብ ዓርብ ሳን ሆዜ ልጃቸው ዘንድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ዓርብ ዝምታዬን ታገሡ። በሦስተኛው አንድ ሲዲ ይዘው ገቡ።

"ምንድን ነው ጋሼ? እኔ እኮ ሀዘን ላይ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ይሄ ዘፈን አይደለም።"

ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ፣ በሬ ሊሸጥ ገበያ የወጣ መስሎ አጥር ተደግፏል። የካንትሪ ጊታሪስት ነው አሉኝ። የድሮ ታዋቂ የፖፕ ዘፈኖችን በጊታር ብቻ ይጫወታል፤ ሰው አይዘፍንበትም።

"ዘፈን የሚያሰኘው ግጥሙ ነው" አሉ ጋሼ፣ ጠበቃ ሆነው። "ግጥም ከሌለው ክላሲካል ይባላል። አገር ቤት ትልቅ ሰው የሞተ ጊዜ ሬዲዮው ዘፈን አቁሞ ምን ነበር የሚያሰማሽ?"

"ክላሲካል።"

"ታዲያ!"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር አፍ የማይከፈትበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው፤ ክላሲካል ደግሞ ለሀዘን የተፈቀደ ነው። ሲዲውን ከተትኩት።

ሰውዬው ክሩን ለጠጥ አድርጎ ሲለቀው፣ አንድ ሰው ሊናገር ፈልጎ የተወው ነገር ይመስላል። ቃል የለውም። እኔም የዘፈኖቹን የእንግሊዝኛ ግጥም ስለማላውቅ ሕሊናዬ ንጹህ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ላወጣው ብል ሲዲው እምቢ አለ። አሮጌ መኪና ነው፣ ዋጠው። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ባለባርኔጣው ከአንደኛው ይጀምራል። መካኒኩ "ሬዲዮኑን በሙሉ ልንቅለው?" ቢለኝ፣ "ተወው፣ ለሀዘኔ ነው" አልኩት። ምን ዓይነት ሃይማኖት እንደሆነ ሳያስብ አልቀረም።

ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። አንድ ዓርብ ግን እትዬ ደወሉ። የወንድማቸው ልጅ ሳን ሆዜ ወልዳ፣ አራስ ሊጠይቁ ነው። የገንፎ ዱቄታቸውን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። ጋሼ ከፊት ናቸው። እኔ ቁልፉን ካዞርኩ በኋላ ነው ሲዲው ትዝ ያለኝ።

ባለባርኔጣው ጀመረ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ እትዬ።

"ክላሲካል ነው፣ እትዬ። ዘፈን የለበትም።"

ትንሽ አዳመጡ። "እህ" አሉ። "የሀዘን ሬዲዮ ነው የሚመስል። ይሁን።"

ተነፈስኩ። የኦክላንድ ወደብን አልፈን ወደ ደቡብ እንደያዝን ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የካሊፎርኒያው ኒውአርክ አካባቢ ስንደርስ ግን መንገዱ ቀጥ አለ፤ ከወደቡ የወጣ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከፊታችን ተገልብጧል ተባለ። ቆምን። ጋሼ ነቁ። ስድስተኛው ዘፈን እየተጫወተ ነበር። የት እንዳሉ፣ ከማን ጋር እንዳሉ ሳያጣሩ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እያጉረመረሙ እንዳይመስላችሁ፤ በሙሉ ድምፅ! የሃያ ዓመት ተማሪ ሆነው!

"ጋሼ!" አልኩ። "ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ!"

አልሰሙኝም። የመጀመሪያውን ግጥም ጨረሱና ሁለተኛው ላይ ጠፋባቸው። "ከዚያ ምን ነበር... ከዚያ..." እያሉ ጣታቸውን ሲያንቀጠቅጡ፣ ከኋላ ወንበር፣ ከገንፎው ዱቄት በላይ፣ ቀጭን ድምፅ ቀጠለላቸው። ቃል ሳይስት። በእንግሊዝኛ።

በመስታወቱ አየኋቸው። እትዬ ናቸው! ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

ሲያበቃ የገንፎ ዱቄታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

"እትዬ?" አልኩ።

"ምን ትያለሽ! ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ኒውአርክ ሱፐርማርኬት ካሸር ነበርኩ። ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ነው ሲለፈልፍ የሚውለው። እኔ አልዘፈንኩም፤ ያጠራቀምኩት ነው የወጣው።"

ጋሼ ሳቁ። "ለመሆኑ ስለምን እንደሚያወራ ያውቃሉ?"

"ጥሏት ስለሄደ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ምኔ ሞኝ ነው።"

ለእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስምንት ወር ያቆየኋት መሐላ፣ በራሷ ዳኛ አፍ ፈረሰች። አሁን ስድስተኛው ቃል አለው፤ ሰምቼዋለሁ። መሪውን ይዤ "በቃ፣ እናቴን ከዳኋት" አልኩ። ጮክ ብዬ ማለቴን ያወቅኩት ሁለቱም ሲያዩኝ ነው።

መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው መጡ። ጋሼ ከንፈራቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። እትዬ ዱቄታቸውን ያቅፋሉ። እንደዚያ እየተሳቀቅን አሥራ አራተኛው ላይ ደረስን። ከዚያ በፊት እስከዚያ ድረስ ሰምቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳን ሆዜ እንደርስ ነበር። ቀስ ያለ ነው። ክሩን እየለጠጠ፣ እየተወ።

"ይሄንንስ ያውቁታል?" አልኳቸው ጋሼን፣ ለመዋጋት ተዘጋጅቼ።

"አላውቀውም። የራሱ ሳይሆን አይቀርም።"

"እኔም አላውቀው" አሉ እትዬ። "ቃልም ያለው አይመስልም።"

እንግዲህ አንድ ንጹህ ተገኘ ብዬ ዝም ብዬ ልሰማው ነበር። ግን አፌ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? ሰውዬው ክሩን ሲለጥጥ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣

"ሰው ሁሉ ሲሸኝሽ እኔ ሳልደርስልሽ፣
በፈረንጅ ጊታር ይኸው አለቀስኩልሽ"

አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ስምንት ወር ሙሉ የት እንደነበር የማላውቀው እንባ መጣ። ሌላም ሌላም ግጥም አወረድኩ። እትዬ ከኋላ "ወይኔ ልጄ! ወይኔ!" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሉኛል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የጎን መኪና ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አምቡላንስ ልጥራ?" አለ።

ስንረጋጋ አፍንጫዬን እየጠራረግኩ "እትዬ፣ እንግዲህ ራሴው ዘፈንኩ" አልኩ።

"ማን ዘፈነ?" ብለው ተቆጡኝ። "ሙሾ ነው ያወረድሽው። ሙሾ ዘፈን ነው ያለሽ ማነው?"

"ፊተኛውስ? እርስዎ የ..."

"እሱን ተይው። እሱ የሱፐርማርኬቱ ነው።"

ፍርዱ ተሰጠ። ይግባኝ የለውም። መንገዱም ተከፈተ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው።

"ነገ ዓርብ ነው አይደል? ሳን ሆዜ ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ።"

"አራሷ ደህና አይደለችም እንዴ?"

"ደህና ናት። ጉዳይ አልኩሽ እኮ።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሺፍት ላይ ነበርኩ" አሉ። "ያ አሥራ አራተኛው አሁንም አለ?"

"ወዴት ይሄዳል፣ እትዬ። ተቀርቅሮ የለ።"

"እንግዲያው በዝግታ ንጂ" አሉኝ።