ለመመታት የምትወረወር ኳስ

የኦስሎ ሰፈር በሆነችው ፉሩሴት ካሉት ሐበሾች መካከል ታክሲ የነዳ፣ ቢሮ የጠረገ ሞልቷል፤ ቤዝቦል የሚሉትን፣ በዱላ የሚመታውን የአሜሪካኖች ኳስ እየወረወረ ደሞዝ የበላ ግን ገብረመድህን አንድ ለእናቱ ነው። ይህን ሲናገር ሰው አያምነውም። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚጨዋወቱት እኩዮቹ ኳስ ሲባል የሚያውቁት በእግር የሚመታውን ነውና፣ ዛሬ ደግሞ ጀመረው ይሉታል። እሱ አይቀየምም። እውነት የያዘ ሰው ለማስረዳት አይቸኩልም።

አባቱ ፖሊስ ነበሩ፤ ወደ አስመራ ሲዛወሩ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። በእኛ አቆጣጠር በስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ቃኘው ጣቢያ የሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር የቤዝቦል ሜዳ ነበረው፤ ገብረመድህን እዚያ የተቀጠረው ሳር ሊያጠጣ ነው። ከሜዳ የወጡ ኳሶችን እያነሳ ሲመልስ አወራወሩን ያዩ ወታደሮች የውሃ ጎማውን ከእጁ ቀምተው ጓንት ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ሥራው እነሱ ሲለማመዱ ኳስ መወርወር ሆነ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውድድር ቀን የሚወረውር ሰው የሚከፈለው መቺው እንዲስት ነው፤ ገብረመድህን ግን የሚከፈለው እንዲመታ ነበር። ኳሷን ዱላው ወዳለበት ሳይሆን ዱላው ወደሚደርስበት መላክ ነበረበት። የመቺውን ትከሻ አይቶ ለደከመው ቀስ፣ ለጎበዙ ፈጠን ያደርጋል። በብርዳሙ የአስመራ ጠዋት ኳስ ከዱላ ሲገናኝ የሚሰማው ድምፅ፣ የጓንቱ ቆዳ ሽታ፣ ሲወረውር ቢውል የማይዝለው ክንዱ፣ ሁሉም እስከ ዛሬ ይናፍቁታል።

አንድ ቀን ወጣትነት አታለለው። ለብቻው የተለማመዳት ኳስ ነበረችው፤ ቀጥ ብላ መጥታ መቺው ዘንድ ስትደርስ ቁልቁል የምትወርድ። እሷን ለአንድ ሻምበል ወረወረለት። ሻምበሉ አየሩን ቀዘፈ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ደገመለት፤ አሁንም አየር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ይህ ጌታ ግን ገናን አያውቅምና ዱላውን ወርውሮ ሄደ። ገብረመድህን ተጠርቶ፣ የተቀጠርከው ለዚህ አይደለም፣ ያቺን ኳስ ብትደግማት ሥራ የለህም ተባለ። አልደገማትም። ጣቢያው እስኪዘጋ ድረስ ሲመታ ኖረ።

የዓለምወርቅን ያገባት በስደት ሳለ ካርቱም ነው። ይህን ታሪክ በነገራት ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ለመመታት ደሞዝ የሚበላ ሰው አገባሁ እያለችም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ኦስሎ ገብተው እሱ ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ሲያጸዳ፣ እሷ ባርነሃገ በሚሉት መዋያ ውስጥ ሕፃናት ስትይዝ፣ ልጃቸው ዮሐና አድጋ ማዮርስቱን ሰፈር ቤት ስትከራይ፣ ቀልዱ አልቆመም። ገብረመድህን ያኮረፈ ይመስላል እንጂ ያለዚያ ቀልድ እራት አይጥመውም ነበር።

ባለፈው መከር የዓለምወርቅን ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፣ አንደበቷም ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ገብረመድህንን ከእጇ ይልቅ ያስፈራው ዝምታዋ ነው። ሲጠይቋት ትመልሳለች፤ ያቺ ነገረኛ ሴት ግን የለችም። እሱ የሠራው ሾርባ ጨው ሲበዛበት እንኳ ሳትሰድበው ትጨርሰዋለች። ይህ አንጀቱን በላው። እጇ ቢቀር ይችለዋል፤ የዓለምወርቅ ራሷ እንዳትቀርበት ነው የሚፈራው።

ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ እየመጣች እጇን የምታፍታታው ፊዚዮቴራፒስት ደግ ልጅ ናት። የየዓለምወርቅ እጅ ትንሽ ትንሽ መነሳት ሲጀምር የስፖንጅ ኳስ አምጥታ በቀኝ መዳፏ እንድትመልሳት ትወረውርላት ነበር። የዓለምወርቅ ግን ኳሷ ባመለጠቻት ቁጥር በሰው ፊት ማፈር ሆነባት፤ ውሎ አድሮ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች። ልጅቷ ኳሷን ትታላቸው፣ እስቲ ለብቻችሁ ሞክሩት፣ ያልሠራ እጅ ሥራውን ይረሳል ብላ መከረቻቸው።

ግንቦት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ገብረመድህን ሚስቱን ደግፎ ከፎቁ ሥር ወዳለው ሳር አወረዳትና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ኳሷን ከኪሱ ሲያወጣ ፊቷን አዞረች።

"ኔይ፣ አይሆንም ገብሬ። ተወኝ።"

አልተዋትም። ጥቂት ርቆ ቆመና ትከሻዋን አየ። እጇ ሊነሳ ሲል ትከሻዋ ቀድሞ ከፍ ይላል። ያንን ጠብቆ በዝግታ ወረወረ፤ እጇ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት። ኳሷ መዳፏን ነክታ ሳሩ ላይ ወደቀች። አንስቶ ደገመ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይወርዱ ጀመር፤ ሰኔ ሲገባ ኳሷ እየተመታች ወደ እሱ ትመለስ ነበር። ገብረመድህን ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት ሙያው ለዚህ ቀን ኖሯል ለካ ብሎ ደስ አለው። ዝምታዋ ግን አልተፈታም።

አንድ ከሰዓት ጥቂት ኳሶች ከመለሰች በኋላ እጇን አሳረፈችና ትክ ብላ አየችው።

"እያዘንክልኝ ነው የምትወረውረው" አለችው።

"እንዲመታ መወርወር ሥራዬ አይደለም እንዴ?"

"አውቃለሁ። የሻምበሉን ወርውርልኝ።"

ገብረመድህን ደነገጠ። ብትስትስ? በስንት ልመና የወጣች እጅ አፍራ ተመልሳ ሹራብ ውስጥ ብትገባስ? እምቢ ሊል ነበር። ነገር ግን ትከሻዋ ከፍ ብሏል፤ እየጠበቀችው ነው። የሚንቋቋ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ በወጣትነቱ የተከለከላትን ኳስ ለቀቃት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፤ የዓለምወርቅ እጇን ከመቼውም አርቃ ሰነዘረች፤ ያቺ ኳስ ግን አመሏን አልረሳችም፣ ቁልቁል ወረደች።

የዓለምወርቅ አየሩን ቀዝፋ ቀረች። አንገቷን ደፋች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ገብረመድህን ምነው እጄን በቆረጠው እያለ ወደ እሷ ሲጣደፍ ነው ሳቋን የሰማው።

"ሻምበሉ ቢቆጣ አይፈረድበትም" አለች፣ እንባዋን በቀኝ እጇ እየጠረገች። "ይህችን ይዘህ ነው ያን ሁሉ ዘመን ስትመታ የኖርከው? ሞኝ።"

ገብረመድህን ከወንበሩ ሥር የገባችውን ኳስ ሊያወጣ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ግን ቀና አላለም።

"ምን ትጎለታለህ" አለችው ከበላዩ፣ "ድገማት።"