እርጥብ ትቶ መውጣት

ታክሲው የሚመጣው በአምስት ሰዓት ነው፤ መርከቡ ደግሞ በሩን የሚዘጋው በስምንት። ካውያ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ቤቷን እያገላበጠች ነው። ሻንጣዋ ተቆልፎ በሩ ሥር ከተቀመጠ ሁለት ቀኑ ነው፤ የቀረው ቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ፣ እሷ እንደምትለው፣ አንድ ቀን ፊቱን ካላጠቡለት ሦስት ቀን ያኮርፋል።

ካውያ ብለው ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላና ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ። በዚያ ክፍል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሕግ ብዙ ነበር፤ ማንም አያነበውም። ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ግን ያልተጻፈው ነው፦ እርጥብ ትቶ የሚወጣ የለም። ፈረቃሽ አልቆ ገንዳ ውስጥ አንዲት ፎጣ እርጥብ ሆና ከተገኘች፣ ነገ ጠዋት የምትገባው ሴት ሽታውን ትወርሳለች። ስለዚህ ያቺን ፎጣ ሳታደርቂ የበሩን እጀታ አትነኪም።

ደግ ሕግ ነው፤ ለሆቴል። ካውያ ግን ቤቷ አምጥታ አወጀችው። እርጥብ ሳህን፣ እርጥብ ጨርቅ፣ እርጥብ ወለል ካለ ከቤት አትወጣም፤ ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ የሐኪም ቀጠሮ ቢሆን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አልነበረችም፣ የያዘችውን አለመልቀቁን ግን ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ባል ደቂቃ ይቆጥራል፣ ሚስት ጠብታ ትቆጥራለች። እሱ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል፣ እሷ የታጠበውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ትመረምራለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳህኑ እኮ እግር የለውም፤ ስንመለስ እዚሁ እናገኘዋለን» ይላታል።

«እድፉም እግር የለው፤ እሱንም እዚሁ ነው የምናገኘው» ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። ሲሳሳቁ ሠርጉም ያልፋል።

ይህ ሰው በዕድሜው የተመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሰባት ቀን በመርከብ መሄድ። የትም ይሁን። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሳመላልስ ኖርኩ» ይላል፤ «አሁን ደግሞ ሌላው ይንዳልኝና እኔ እግሬን ዘርግቼ ልሂድ። ባሕር ላይ የትራፊክ መብራት የለ፣ ፌርማታ የለ፣ ወራጅ አለ ብሎ የሚጮህብኝ የለ!» ይህን ሲናገር ዓይኑ እንደ ልጅ ያበራ ነበር። ካውያም ትወደው ስለነበር፣ እሺ አለችው። እሺ ማለት አይከብዳትም፤ የሚከብዳት መውጣት ነው።

መጀመሪያ ቲኬት የቆረጡ ጊዜ፣ በዋዜማው መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች። ሌሊቱን ዝናብ ወረደ። ጠዋት መጋረጃው ከነውሃው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ካውያም ቀረች፣ እሷ ስትቀር እሱም ቀረ። «ይሁን፣ መርከቡ እንደሁ አይሰምጥ» አለና ጫማውን ፈታ።

ሁለተኛውን ጊዜ ግን ካውያ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ያን ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ባሏ አጠገቧ የለም። ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ ይሰማል። ተነሥታ ብትሄድ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ቆሟል፤ ሳህኑ ታጥቦ ተደርድሯል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈክቷል።

«ጨረስኩልሽ!» አላት። «አሁን ምን ትያለሽ?»

ካውያ ምን አለች? «ይሄ ታጠበ ይባላል?» አለች። ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት የተናገረችው፤ ስትናገረውም በፈገግታ ነበር፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ሳህኑን በሙሉ መልሳ ገንዳ ውስጥ ከተተችው። ወለሉንም እንደገና ወለወለች። ልብሱን ከገመዱ አውርዳ እንደገና አሰጣችው፤ እስኪደርቅም አልወጣችም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ያን ዕለት ቁልፉን እንኳ አላንቀጫቀጨም። ወደብ ሲደርሱ በሩ ከተዘጋ ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። መርከቡ ገና ከዓይን አልራቀም፤ ሰዎች ከላይ ሆነው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለመንገድ የያዙትን ዳቦ በእንቁላል በሉ።

እሷ ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣት በተገላገለች። እሱ ግን አፉን በመሐረብ ጠረገና፣ «ምን ይደረግ፤ ቤቱ ግን ንጹሕ ነው» አላት።

ለሦስተኛ ጊዜ ቀን ቆርጠው ሳለ፣ ጉዞው ሃያ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው። ካውያ ስለ መርከቡ ሳታነሣ የዋለችበት ቀን የለም። በመጨረሻ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ መረራት። «እማዬ፣ ወይ ሂጂ፣ ወይ ስለ መርከቡ ማውራቱን ተዪው፤ ለኔም አባቴ ነው» አለቻት በስልክ። ካውያም በማግስቱ ሄዳ አንድ ቲኬት ቆረጠች። የጉዞ ወኪሉ ጎልማሳ፣ «ለስንት ሰው ነው?» ሲላት፣ ሁለት ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

እና ዛሬ ቀኑ ደረሰ።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሥራው ሁሉ እንደ ልቧ ሄደላት። ፍሪጁን ባዶ አድርጋ በሩን ገርበብ አደረገችው። አንሶላውን ተኮሰች፣ አጠፈች። የአበባ ማሰሮዎቹን ከምድር ቤት ፋርማሲ ላላት ጎረቤቷ አወረደች፤ ቁልፍም ሰጠቻት።

«እትዬ፣ ዛሬስ ይሄዳሉ አይደል?» አለች ፋርማሲስቷ፣ ማሰሮውን እየተቀበለች። የሁለቱንም ጊዜ ታሪክ ታውቃለች።

«ምን ቀረኝና! የጠዋቱን የሻይ ብርጭቆ ማጠብ ብቻ።»

«ብርጭቆውን እኔ አጥብልዎታለሁ። እባክዎ ይሂዱ።»

«አንቺ ደግሞ! እርጥብ ትቼ?» ብላ ሳቀችና ወደ ላይ ወጣች።

ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ብርጭቆውን ልታጥብ ስፖንጅ አነሣች። ስፖንጁ አርጅቷል። አዲሱ ያለው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው ካቢኔት ነው። ያ ካቢኔት የባሏ ግዛት ነበር፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የቧንቧ ጎማ፣ የተቃጠለ አምፖል ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ከሞተ ወዲህ እጇን ሰዳ ስፖንጅ ታወጣለች እንጂ ውስጡን አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን ጎንበስ ስትል አቧራው ታያት። ከቤቱ ሁሉ ያልጸዳ ቦታ ይኸው አንድ ጥግ! ሰዓቷን አየች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አላት። ይበቃል አለችና ተንበርክካ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከበሩ ጀርባ ወረቀት ተለጥፏል።

ወረቀቱን ወዲያው አወቀችው። ሹፌሮች ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት የሚሞሉት የመፈተሻ ወረቀት ነው፤ ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ መብራት፣ በየመሥመሩ ጫፍ የራይት ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን። አርባ ዓመት በየቀኑ የሞላው ወረቀት። የታተመውን ሁሉ በእስክሪብቶ ሰርዞ ከላይ «ቤት» ብሎ ጽፎበታል። ቀኑም አለ፤ የሁለተኛው ጉዞ ቀን።

ጋዝ መዝጋት፣ ራይት። መስኮት፣ ራይት። ሳህን ማጠብ፣ ራይት። ከሥሩ በቀጭኑ፦ ሳህን እንደገና ማጠብ፣ ከጀርባው ጭምር፣ ራይት። ወለል፣ ጥግ ጥጉን፣ ከፍሪጁ ሥርም፣ ራይት። ልብስ ማስጣት፣ ሸሚዝ ከግርጌው ይያዝ (ከትከሻው ከተያዘ ትቆጣለች)፣ ራይት። ማጠቢያውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም ማድረቅ፣ ራይት።

ካውያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከጀርባው ጭምር። ሁለቴ አጥቦታል። ሸሚዙንም ከግርጌው ነበር ያሰጣው፤ አሁን ስታስበው ትዝ አላት፣ መቆንጠጫው ግርጌው ላይ ነበር፤ በገዛ እጇ ነቅላ መልሳ እዚያው ቦታ ሰክታዋለች። እሷ እንደምታጥበው አድርጎ ነበር ያጠበው፤ አላየችም። አንዲት ሳህን እንኳ ገልብጣ አላየችም። ሳታይ ነው ደግማ ያጠበችው።

«የኔ ጌታ» አለች። አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያን ቀን እንግዳ ነበር፣ ሥራ ነበር፣ የሚታጠብ ነበር። ያኔ የሞተባት ባሏ ነበር። አሁን ደግሞ ያ ጠዋት ሞተባት፤ እጅጌውን ሰብስቦ «ጨረስኩልሽ» ያላት ጠዋት። አንዴ «እጅህ ይባረክ» ብላው ጫማዋን ብታደርግ ኖሮ ይደርሱ ነበር። መርከቡ ላይ ሆነው እጃቸውን የሚያውለበልቡት እነሱ ይሆኑ ነበር። አሁንማ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከመንገድ የታክሲ ጡሩንባ ተሰማ። ስልኳም ጮኸ፤ ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ወጣሽ?»

«እየወጣሁ ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ? ደግሞ ምን እያጠብሽ ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብያለሁ።»

ልጅቱ ገረማት። እናቷ በሥራ ሰዓት ቁጭ ብላ ታውቃለች እንዴ?

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወረቀቱን እንደገና አየችው። ከሁሉም በታች አንድ መሥመር ቀርቷል። ጽሑፉ ከሌላው ሁሉ ደመቅ ያለ ነው፤ ሁለት ጊዜ በእስክሪብቶ ሄዶበታል። «እሷን ይዞ መውጣት» ይላል። ሣጥኑ ባዶ ነው።

እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከወረቀቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ አውቶቡሱ ውስጥ እንደሚያስረው። ካውያ ያዘችው። ልማድ ሆኖባት ወደ ባዶዋ ሣጥን ሰደደችው፤ ያልተጨረሰ ሥራ አይታ ዝም ማለት የት ታውቅና! ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ግን እጇ ቆመ። ይህ ሥራ የእሱ ነው። የሱን ሥራ እየነጠቀች ስትደግም፣ ስታርም፣ ስትጨርስ ኖራለች። ይህን ደግሞ ልትጨርስለት አትችልም፤ ብትችልም አይገባትም። እስክሪብቶውን ለቀቀችው፤ በክሩ ተወዛወዘ።

ካቢኔቱን ከነአቧራው ዘጋች። የሻይ ብርጭቆው ማጠቢያው ውስጥ አለ፤ ሥሩ ላይ የሻይ ዝቃጭ ቀርቶበታል፣ አጠገቡ የጠዋቱ ጨርቅ ውሃ እንደ ጠጣ ተጨማዶ ተቀምጧል። አየችው። እጇ ወደ ቧንቧው ሊሄድ ሲል በሌላው እጇ ያዘችው፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ እጅ ያዘችው። ሻንጣዋን አነሣች፣ ወጣች፣ ቆለፈች።

የታክሲው ሹፌር ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ሻንጣውን ከኋላ ጭኖ የፊቱን በር ከፈተላት። ካውያ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ወደ ሕንፃው በር ታያለች።

«እናቴ፣ የቀረ ሰው አለ እንዴ?» አላት።

«አለ» አለች ካውያ። ከዚያ በሩን ሳበችና ዘጋችው። «እሱ አይመጣም። ንዳ ልጄ፣ መርከቡ ሰው አይጠብቅም።»