ሮበሌ የመረጠው መብራት

ሮበሌ ኢታና የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው። ጎፋ አካባቢ ካለ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሲቀጠር አባቱ «በዓይን የማይታይ ነገር እየጠገኑ እንጀራ መብላት ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብለው ነበር። እጁ ግን የተባረከ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም የአዳራሹን መብራት እንዲይዝ የተጠራው እሱ ነው።

ተዋናዩን በየሄደበት የሚከተለውን መብራት፣ ስፖቱን፣ እንዲመርጥ ከሊቀመንበሩ ጋር ወደ አንድ መጋዘን ሄደ። ሁለት ቀረቡላቸው። ሊቀመንበሩ ግዙፉን ወደደ፤ «አብዮታችን ደብዛዛ መብራት አይመጥናትም!» አለ። ሮበሌ ግን አዳራሹን በእርምጃ ለክቶታል፤ ከኋላው ግድግዳ እስከ መድረኩ ሃያ ሁለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያኛው በዚህ ቅርበት የሰውን ፊት ኖራ የተቀባ ያስመስለዋል። ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ይጮኻል፤ ንግግር አያሰማም። ይኼኛው ብርሃኑ ጠባብ ነው፤ ከሃምሳ ሰው መሃል አንዱን ነጥሎ ያወጣል።»

ተሰማለት።

ሥራውን ወደደው። ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ተዋናዩ ገና ሳይራመድ ትከሻው ወዴት እንደሚያዘነብል ያነብ ነበር። ሚስቱ ቡዜ «እኔንም እንዲህ አተኩረህ ባየኸኝ» እያለች ትስቅበታለች።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ትያትሩ ተጋምሷል። ሊቀመንበሩ ከኋላ መጥቶ ጆሮው ሥር «ስፖቱን ወደ ተመልካቹ አዙር» አለው።

«ጓድ፣ ተዋናዩ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።»

«ይቅር። አራተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል።»

ሮበሌ ኮከብ ሠራተኛ ሊሸለም ነው ብሎ አሰበ፤ ወይም እንዲያ ማሰብ ፈለገ። ብርሃኑ ያረፈው ጎረቤቱ ከድር ላይ ነበር፤ ልብስ ሰፊው፣ የእማማ ዙሌካ አንድ ልጅ። ከድር ዓይኑን በእጁ ጋረደ። ወዲያው ብድግ ብሎ ሰው እየረገጠ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ የሮበሌ እጅ እንደ ልማዱ ተከተለው። በሩ ጋ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ያዙት። ብርሃኑ እስከዚያች ቅጽበት አልሳተውም።

«በል ወደ መድረኩ መልሰው» አለ ሊቀመንበሩ።

ሮበሌ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን የእማማ ዙሌካን በር አንኳኳ።

«እማማ፣ ያበራሁበት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። ግባ አላሉትም። «አብራ ብለው አዘዙህ፣ እሺ። ሲሮጥ ተከተለው ያለህ ማን ነው?»

«ማንም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ያመኛል ብሎ ስፖቱን ለሌላ ሰው አስረከበ። ጠዋት ጠዋት ግን ከፋብሪካው በፊት እማማ ዙሌካ ለከድር የሚወስዱትን ስንቅ ተሸክሞ እስር ቤቱ ደጃፍ ያደርሳቸው ጀመር። አትምጣ አላሉትም፤ አላናገሩትምም። ጥር ሲያልቅ አንድ ዘበኛ ዕቃውን ሳይቀበል «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» አላቸው። እማማ ዙሌካ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጡ። ሮበሌ ሊያነሳቸው እጁን ዘረጋ፤ አልያዙትም። ፀሐዩ እስኪበረታ ምግቡን እንደያዘ አጠገባቸው ቆመ።